ድስት ይዞ የሚበርር ሰው

ለሽርሽር በአውሮፕላን የሚሄድ ሰው ሻንጣው ውስጥ ድስት ምን ይሠራል? «ቋጣሪ ነው» ብላችሁ ከማማታችሁ በፊት ስለ ጎረቤቴ ስለ ዘቢባ ልንገራችሁ።

ዘቢባ ደም ግፊት ስላለባት ሐኪም ጨው ከልክሏታል። ስለዚህ ልጆቿ ሁለታችንን ባሕር ዳር ሲልኩን፣ ቃሊቲ ካለው ቤቷ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ድስትና ሽሮ ይዛ በረረች። ሆቴል ክፍላችን ውስጥ ሽሮው መንተክተክ ሲጀምር ሥራ አስኪያጁ በሩን አንኳኳ።

«እማማ፣ እዚህ ማብሰል ክልክል ነው! ወይ ምድጃውን ያስረክቡኝ፣ ወይ ክፍሉን ይልቀቁ።»

«እሺ ልጄ። ሽታው ደርሶህ ሳትቀምስ ግን አትሄድም፤ እንካ!» ብላ በእንጀራ ጠቅልላ አጎረሰችው።

እንደምንም ዋጠው። «ጨው የለውም እኮ! የእኛ ወጥ ሠሪ እንዲህ ቢሠራ አባርረው ነበር።»

«ሐኪም ጨው ከልክሏታል፤ ታዲያ ምን ትብላ?» አልኩት ተቆጥቼ። «ደንብህ ትክክል ነው፤ እሷ ጦሟን ማደሯ ግን ትክክል አይደለም። ወይ ጨው የሌለው ሥሩላት፣ ወይ ተዋት!»

ራሱን አከከ። «እሺ፣ ወጥ ቤት እናሠራላቸዋለን» አለና ምድጃውን ይዞ ወረደ።

ፍርዱ ተስማማኝ። ዘቢባ ግን የሰው እጅ መቼ ታምናለች? ማማሰያዋን ይዛ ተከተለችው። ወዲያው ድምፅዋ ከታች ተሰማኝ፦

«አንተ፣ ያንን ጨው ከፊቴ አንሳልኝ!»