ቡርቃ ኦዳ የማን ናት?

እኛ አዲስ አበቤዎች መንገድ የምንጠቁመው በሌለ ነገር ነው። «ድሮ ጋራዡ የነበረበት ጋ ስትደርሺ ወደ ቀኝ ታጠፊ» እንላለን፤ ጋራዡ ከፈረሰ ወዲህ የተወለደ ልጅ ጺም አብቅሏል። «ባሕር ዛፉ ጋ ጠብቂኝ» እንላለን፤ ባሕር ዛፉ የማን ቤት ማገር ሆኖ እንደቀረ እግዜር ይወቀው። እንግዳው ይጠፋል፣ ይናደዳል፣ ይደውላል፤ እኛም በሙሉ ልብ «ኧረ ደርሰሃል፣ ትንሽ ወደፊት ና» እንለዋለን። ወደፊት ወዴት ነው? እሱን አትጠይቁኝ። ከተማው በየዓመቱ ልብስ ይቀይራል፣ እኛ የምናውቀው በድሮ ልብሱ ነው።

ሌላው አመላችን በነጻ የሚሰጠንን ነገር መጠርጠር ነው። አንድ ነጋዴ «ቅመሱ» ብሎ ብርቱካን ቢዘረጋላችሁ፣ እጃችሁ ከመዘርጋቱ በፊት ዐይናችሁ ብርቱካኑን ያገላብጠዋል፤ የበሰበሰው በየት በኩል ነው እያለ። እኔም ያው ነኝ። ጎሮ ላይ ክር፣ ዚፕና መርፌ ስሸጥ የኖርኩ ሴት ነኝ። ትምህርት ቤቱን በልጅነቴ ትቼዋለሁ፣ ንባቡ ግን እኔን አልተወኝም፤ ዕቃ የተጠቀለለበትን ጋዜጣ እንኳን ሳላነብ አልጥልም። ስለዚህ አንድ ነገር «የማንም አይደለም፣ የሁላችንም ነው» ሲባል ጆሮዬ ይቆማል። የሁላችንም ነው ከተባለው ውስጥ ስንቱ የማን ሆኖ እንደቀረ እናንተም አይታችኋል።

የጎረቤቴ ልጅ የሕሊና ካርታ ግን አሸነፈኝ። ካርታ ስላችሁ የቤት ካርታ አይደለም፤ ደንግጣችሁ ሰነድ ፍለጋ እንዳትነሡ። ስልክ ላይ የሚከፈተው የመንገድ ካርታ ነው። ሕሊና በሥራ ቀን ቦሌ አንድ ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ተተክላ ትውላለች፤ ቅዳሜ ደግሞ ከጓደኞቿ ጋር ሆና ይህን ካርታ በነጻ ትሠራለች። ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር አላቸው። ማንም ሰው ካርታውን ከፍቶ ያያል፣ የተሳሳተውን ያርማል፣ የጎደለውን ይጨምራል፣ ካሰኘውም ሙሉውን ገልብጦ ይወስዳል። የተሠራበት ኮድ የሚሉት ነገር ሳይቀር ለሁሉም ክፍት ነው።

«ደሞዝ የሚከፍላችሁ ማን ነው?» አልኳት።

«ማንም፣ እትዬ አስካለ።»

«እናትሽ ይህን ታውቃለች?»

ሳቀች። ካርታውን ከፍታ ሰፈራችንን አሳየችኝ። አስፋልቱ አለ፣ ኮንዶሚኒየሙ አለ፣ ሁሉም በቁጥር ነው። ስም የሚባል ነገር የለም። የሰው ሰፈር ሳይሆን የመጋዘን መደርደሪያ ይመስላል። ያኔ ነው አደ ጫልቱን ይዤላት የሄድኩት።

አደ ማለት በኦሮምኛ እኛ እትዬ እንደምንለው ነው። አደ ጫልቱ ይህ ሰፈር ገና ሰፈር ሳይሆን፣ የጤፍና የሽንብራ ማሳ ሳለ፣ እዚሁ ተወልደው እዚሁ የተዳሩ ሴት ናቸው። መሬቱ ለከተማው ሲወሰድ ዘመድ አዝማዱ በየአቅጣጫው ተበተነ፤ እሳቸው ብቻ ከምንጩ አጠገብ በአንዲት ቆርቆሮ ቤት ቀሩ። የቦታዋ ስም ቡርቃ ኦዳ ነው፤ ዋርካው ሥር ያለችው ምንጭ ማለት። አሁን ዋርካው የለም። ምንጯም ቱቦ ውስጥ ገብታ መሬት ለመሬት ትሄዳለች። የተረፈው ስሙ ነው።

ስሙ ደግሞ ለአደ ጫልቱ የወግ ነገር አይደለም። ወንድማቸው የሞቱ ጊዜ፣ እህታቸው ከነልጆቻቸው ለቀብር ሲመጡ ሕንፃው ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖባቸው ሲዞሩ ዋሉ። «ቡርቃ ኦዳ የት ነው?» ብለው የጠየቁት ሰው ሁሉ ለሰፈሩ አዲስ ነበር። ሲደርሱ ወንድማቸው አፈር ለብሰዋል። አደ ጫልቱ ይህን ሲያወሩ አያለቅሱም፣ ድምፃቸው ግን ዝቅ ይላል። ሕሊና ስሙን ጽፋ ካርታው ላይ ስታስቀምጥ የጣቷን ጫፍ በዐይናቸው ተከትለው፣ «አሁን ሰው ሲፈልገኝ ይህን ያያል?» አሉ። «ያያል» አለቻቸው። እኔም በነጻ የተሰጠኝን ነገር ሳላገላብጥ የተቀበልኩት ያን ዕለት ነው።

ደስታችን ሳይበርድ ወሬ መጣ። ማኅበሩ ከአንድ ኩባንያ ጋር ሊጣመር ነው ተባለ። ኩባንያው በስልክ ታክሲ የሚያስጠራ፣ ምግብም ቤት ድረስ የሚያመላልስ ነው፤ የቆመውም ለትርፍ ነው። ማትረፍ ነውር ነው አላልኩም፣ እኔም ዚፕ የምሸጠው ለጽድቅ አይደለም። ግን ለትርፍ የቆመና ለትርፍ ያልቆመ አንድ አልጋ ላይ ሲተኙ ብርድ ልብሱ ወደ ማን እንደሚሳብ ያገባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

የሰፈሩ የቴሌግራም ግሩፕ ታመሰ። አንዱ «ከእንግዲህ መንገድ ለማየትም ልትከፍሉ ነው» አለ። አንዷ «ቤታችን የት እንደሆነ ሊያውቁብን ነው» ብላ ጻፈች፤ ይህች ሴት በሳምንቱ አጋማሽም በሳምንቱ መጨረሻም ፒዛ የምታስመጣ ናት፣ ቤቷን ከባሏ ይልቅ አመላላሾቹ ያውቁታል። ወሎ ሰፈር ያደገው ጓደኛዬ ሰይድ፣ ድሮ ሚኒባስ ይነዳ የነበረ፣ አሁን በዚያው ኩባንያ ስልክ ተሳፋሪ የሚጭን፣ ሱቄ ድረስ መጥቶ «አስካልዬ፣ እኔ አውቃቸዋለሁ፤ ዛሬ ሻይ ይጋብዙሻል፣ ነገ የተቀመጥሽበት ወንበር የኛ ነው ይሉሻል» አለኝ።

አደ ጫልቱ ጆሮ የገባው ወሬ ግን የባሰ ነበር። ከምንጯ በላይ ፎቅ የሚገነባው ሪል እስቴት ለኩባንያው ከፍሎ የቦታውን ስም በራሱ ስም ሊያስቀይር ነው የሚል። የወንድማቸው ሙት ዓመት እየቀረበ ነው፤ ተበትኖ የቀረው ዘመድ ሁሉ ተጠርቷል።

«መሬቱን ወሰዱ፣ ይሁን» አሉኝ። «ስሙ ደግሞ ምን ያደርግላቸዋል?»

ተደርድረው የነበሩትን ዚፖች እንደገና መደርደር ጀመርኩ። 

እሑድ ከሰዓት ሰርጉም ለቅሶውም በሚስተናገድበት የኮንዶሚኒየሙ የጋራ አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። የኩባንያው ተወካይ ነጭ ጫማ አድርጎ ጎሮ የመጣ፣ ማለትም ጎሮን የማያውቅ ወጣት ነው። ለተሰብሳቢው ኮፍያና ውሃ አመጣ። ኮፍያውን ሁሉም ተቀበለ፤ የተቃወመም ኮፍያውን ደፍቶ ነው የተቃወመው።

«ይህ ፓርትነርሺፕ ለኮሙኒቲው ትልቅ ቫልዩ ይጨምራል» ብሎ ጀመረ ወጣቱ።

ሰይድ ተነሣ። «እሱ ይቆየን፣ ወንድሜ። ዋሳችሁ ማን ነው?»

ወጣቱ ግራ ተጋባ። «ከማኅበሩ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈራርመናል እኮ።»

«መፈረሙንማ ማን ያቅተዋል? ነገር የተበላሸ ቀን በሩን የምናንኳኳው ሰው ማን ነው? ቤት ስከራይ ዋስ ጠርቻለሁ፣ ሥራ ስገባ ዋስ ጠርቻለሁ። እናንተ ሰፈሩን በሙሉ ስትወስዱ ያለ ዋስ ነው?»

አዳራሹ አጨበጨበ። ለኮምፒውተር ፕሮግራም ዋስ ሲጠየቅ በሕይወቴ ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው፤ ከሁሉም አስበልጬ ያጨበጨብኩትም እኔ ነኝ።

ከዚያ አደ ጫልቱ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ።  «ልጄ፣ ቡርቃ ኦዳን ትሸጧታላችሁ ወይ?» አሉ።

ወጣቱ ስልኩን አየ፣ ጣሪያውን አየ። ቡርቃ ኦዳ ሰው ትሁን ላም አላወቀም። «ማዘር፣ እኛ ስም አንሸጥም» አለ በመጨረሻ። «ድርጅቶች አፓችን ላይ በስማቸው ጎልተው እንዲታዩ ግን ፓኬጅ አለን።»

«ይሄ መሸጥ ካልሆነማ እኔም ዚፕ ሸጬ አላውቅም» አልኩ ከተቀመጥኩበት። «ለሱሪ የመዘጋት ፓኬጅ ነው የምሰጠው።»

ሳቁ ሲበርድ ሕሊና ተነሣች።  «ልዋሻችሁ አልፈልግም» አለች። «እነሱ በራሳቸው አፕ ላይ የፈለጉትን ቀለም መቀባት ይችላሉ፤ እሱን ማዘዝ አንችልም። ካርታው ግን የእነሱ አይሆንም። የኛ የማኅበሩም አይደለም። ነገ እኛ ራሳችን ብንከዳችሁ ማናችሁም ሙሉውን ገልብጣችሁ ሌላ ቦታ ትከፍቱታላችሁ።»

«ቁልፉ ማን ጋ ነው?» አለ ሰይድ።

«ቁልፍ የለውም።»

«ቁልፍ የሌለው ነገር ይሰረቃላ!»

«ይውሰዱት፣ ጋሽ ሰይድ። የወሰደ ሰው ይዞት ይሄዳል፤ ካርታውም እዚሁ አለ።»

ሰይድ ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከከ። ነገሩ ግማሹ ገብቶታል፣ ግማሹ ግን እንደ አስማት ሆኖበታል። እኔም ያው። ስብሰባው ሳይቋጭ ወደ ጣሪያው ማፍሰስ ዞረ፤ የኛ ስብሰባ የትም ቢጀምር ጣሪያ ላይ ነው የሚያልቀው። ጥምረቱ ግን ቀጠለ።

የሙት ዓመቱ ሳምንት ሲገባ ሰይድ ሱቄ በር ላይ መኪናውን አቁሞ፣ ሳይወርድ ስልኩን በመስኮት ሰጠኝ። በኩባንያው አፕ ላይ ቡርቃ ኦዳ የለችም። በቦታዋ የሪል እስቴቱ ስም በወርቃማ ፊደል ተቀምጧል፣ ከነዘንባባው። ዘንባባ! ጎሮ ላይ!

 ሱቄን ለሰይድ ጥዬ ሕሊና ቤት ሮጥኩ። ነጻውን ካርታ ከፈተችልኝ። ስሟ እዚያ አለ፣ አንድ ፊደል አልጎደለበትም። ሕሊና «ምን ብዬ ነበር?» አላለችኝም፤ ይህን ባለማለቷ እስከ ዛሬ አከብራታለሁ። ግን ግማሽ ነው የተነፈስኩት። የአደ ጫልቱ ዘመዶች እሑድ የሚመጡት በነጻው ካርታ አይደለም፤ መኪና የሚጠሩት በኩባንያው አፕ ነው። ለአደ ጫልቱ ምን ብዬ ልንገራቸው? አልነገርኳቸውም። ባየኋቸው ቁጥር ስለ ሽንኩርት ውድነት አወራለሁ።

ያዳነን ማን ይመስላችኋል? ራሱ ሪል እስቴቱ።

ሪል እስቴቱ የሚገነባው እኛ ጋ ብቻ አይደለም። ቡልቡላም ይገነባል፣ ሌላም ሌላም ቦታ ይገነባል፤ ለሁሉም ያወጣላቸው ስም ደግሞ ያው አንዱ ነው፣ ከነዘንባባው። ስለዚህ ጎሮ ልሂድ ያለ ቡልቡላ ይወርዳል፣ ቡልቡላ የተጠራ መኪና ጎሮ መጥቶ ጥሩምባ ይነፋል። ለእኛ ሰፈር ልጅ የታዘዘ የልደት ኬክ ቡልቡላ ግንባታው በር ላይ ደርሶ፣ ዘበኞቹ ሻማውን አብርተው ተመራርቀው በሉት ይባላል። ተሳፋሪ ይሳደባል፣ ሾፌር ይሳደባል፣ ሁለቱም ተባብረው ኩባንያው ጋ ይደውላሉ። ሰይድ ደግሞ ስልክ ባነሣ ቁጥር «ዘንባባውን ተዪው እመቤቴ፣ ቡርቃ ኦዳ ነሽ ወይስ አይደለሽም?» ማለት ጀመረ። ሌሎቹ ሾፌሮችም ከእሱ ወሰዱ። ሰው ስሙን ባያውቀውም ቶሎ ለመደው፤ የራሱ ብቻ የሆነ ስም ያለው ቦታ እሱ ነበራ።

አርብ ከሰዓት ቡርቃ ኦዳ ተመለሰች። ኩባንያው ለአደ ጫልቱ አዝኖ አይደለም፤ ለቤንዚን አዝኖ ነው። ይሁን። ስሟ ነጻው ካርታ ላይ ተቀምጦ ስለጠበቀው መመለሱ ሻይ እስኪጠጣ አልፈጀም፤ ያኔ ነው የሕሊና አስማት ሙሉው የገባኝ። ሰውን ደግ ሁን እያሉ መለመን ያደክማል፤ ልቡ ወይም ኪሱ የመለሰው ቀን ግን የሚመለስበት ነገር ሳይጠፋ መቆየት አለበት። እኔ ብርድ ልብሱን የሚስበው ማን ነው እያልኩ ሳወጣ ሳወርድ፣ ለካ ማንም የማይስበው ብርድ ልብስም ይሠራል።

እሑድ ጠዋት ቄሱ ሳይመጡ ዘመዶቹ መጡ። የመጀመሪያዋ መኪና ቆርቆሮ ቤቷ በር ላይ ስትቆም እህትየው ወረዱ። ሁለቱ እህትማማቾች ተቃቅፈው አልላቀቅ አሉ። ሾፌሩ ሂሳቡን ለመጠየቅ አፍሮ ወደ ሰማይ ያያል። እኔም ትንፋሼን ያን ጊዜ ነው ሙሉ ለሙሉ የለቀቅኩት።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ለሁላችንም ያምርብን ነበር። ፋሲካ ሲቃረብ ግን አደ ጫልቱ ሱቄ መጥተው በርጩማው ላይ በረጅሙ ተንፍሰው ተቀመጡ። «አስካለ፣ ያችን ልጅ ጥሪልኝ» አሉ። ጠራኋት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሙት ዓመቱ ወዲህ ዘመድ መምጣቱን አላቋረጠም። የእህት ልጅ ይመጣል፣ የእህት ልጅ ሚስት ትመጣለች፣ የሚስትየዋ ወንድሞች ይመጣሉ፤ አደ ጫልቱ በዐይናቸው አይተውት የማያውቁት ጎረምሳ «እኔም የቡርቃ ኦዳ ልጅ ነኝ» ብሎ ልክ በምሳ ሰዓት ደጃፍ ላይ ይቆማል። ድሮ መንገድ ጠፋን የሚል ሰበብ ነበራቸው። ዛሬ አንዱም አይጠፋም።

«ልጄ» አሏት ሕሊናን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለፋሲካው ሳምንት ብቻ ስሙን ሸፈን ማድረግ አይቻልም?»

ሕሊና ሳቋን ዋጠች። «የሁሉም ነው እኮ፣ አደ ጫልቱ። እኔም እርስዎም ብቻችንን አናነሣውም። ብናነሣው እንኳን አንዱ ዘመድዎ ሲርበው ይመልሰዋል።»

 አደ ጫልቱ ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሡና፣

«በይ እንግዲያው» አሉ፣ «ትልልቅ ድስት የሚያከራይ ቤት ካርታው ላይ ካለ እሱን አሳዪኝ።»