ከፍተኛ ላስቲክ ለከፍተኛ ከተማ

ከጅማ ወጣ ብላ በቡና የታወቀች አንዲት ከተማ አለች፤ ስሟን ብንጠራ ሌሎች ከተሞች ይቀኑባታል። ፈጣሪ ዝናቡንና ቀይ አፈሩን አትረፍርፎ ከሰጣት በኋላ፣ ምንም እንዳይጎድላት ብሎ አቶ ወልደሰማያትን የልማት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ አድርጎ ጨመረላት።

አቶ ወልደሰማያት ጅማ ላይ የፕላስቲክ ሥልጠና ወስደው ሲመለሱ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር። አሠልጣኙ ፖሊኢትሊን የሚባለው ላስቲክ ዝቅተኛ ጥግግት ያለውና ከፍተኛ ጥግግት ያለው ተብሎ እንደሚከፈል፣ እያንዳንዱም የየራሱ ሥራ እንዳለው ሲያስረዳ ውሏል። እሳቸው ግን ይዘው የመጡት ሁለት ቃል ነው፤ ዝቅተኛና ከፍተኛ። በማግስቱ ወደ ችግኝ ጣቢያው ሄዱና የቡና ችግኝ ያለበትን ስስ ጥቁር ላስቲክ በሁለት ጣት አነሡ።

«ይኼ የትኛው ነው?»

«ዝቅተኛው ነው ጋሼ» አለች የጣቢያው ባለሙያ ተስፋነሽ። «ለስላሳ ስለሆነ ለችግኝ፣ ለዳስ መሸፈኛ፣ ለከረጢት ይሆናል። ስንተክል በምላጭ ቀደድ አድርገን ማውጣት ነው። ከፍተኛው ደረቅ ነው፤ ለውሃ ቧንቧ፣ ለበርሜል…»

«የአገር ዋልታ የሆነውን ቡና በዝቅተኛ ነው የምታሳድጉት?»

«ቀጥተኛ ዝቅተኛ የሚባልም አለ፤ እሱ እንኳ ትንሽ ጠንከር…»

«ቀጥተኛም ሆነ ጠማማ፣ ዝቅተኛ ያው ዝቅተኛ ነው!»

በዚያን ሰሞን የከተማው ሕዝብ ስንት ዘመን የጠበቀው የውሃ ቧንቧ መጥቶ ጽሕፈት ቤቱ ግቢ ውስጥ ተጠቅልሎ ተቀምጦ ነበር። ጥቁር፣ ወፍራም፣ ሰማያዊ መስመር ያለው፤ በማዕረግ ከታየ ከፍተኛ። ታዘዘ፤ ተቆራረጠ። ተስፋነሽ መጀመሪያ በቃል፣ ኋላም በእንባ ተከራከረች። «የአመለካከት ዝቅተኝነት ይታይባታል» ተብሎ ወደ መዝገብ ቤት ተዛወረች። ችግኞቹም በየቧንቧው ቁራጭ ገብተው ተሰለፉ።

«ከዛሬ ጀምሮ» አሉ አቶ ወልደሰማያት በምረቃው ዕለት፣ «ችግኞቻችን ከዝቅተኝነት ተላቀዋል!»

ተጨበጨበ። ለምን እንደሆነ የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ መጠየቅ የጭብጨባን ውበት ያበላሻል።

ክረምቱ ገባ። የደዶው ገበሬ ዋቅጅራ ለአዲሱ ችግኝ ብሎ ያረጀ ቡናውን ነቅሎ፣ ጉድጓዱን ቆፍሮ ሲጠባበቅ ነበር። ድርሻውን በአህያ ጭኖ ወሰደ። ብዙም ሳይቆይ ጭቃውን እየረገጠ ቢሮ ድረስ መጣ።

«ኦቦ ወልደሰማያት፣ በቢላ ብንለው እንቢ፣ በመጥረቢያ ብንለው እንቢ። በመጋዝ ስንቆርጠው ሥሩም አብሮ ተቆረጠ። ዝናቡ እያለፈብኝ ነው። አካም ጎና? ምን እናድርግ?»

«ማን አውጡት አላችሁ? ከነክብሩ ትከሉት!»

«ሥሩስ ወደ ጎን በየት ይስፋ?»

«ጥረት ያድርጋ!»

ዋቅጅራ ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። ከነክብራቸው ተከላቸው። ከነክብራቸው ደረቁ። ያረጀውም ቡና ተነቅሏል፣ አዲሱም የለም። ማሳው መሐል ቆሞ ባዶውን ሲያይ ሚስቱ ለጢፋ ደርሳ ክንዱን ይዛ ወደ ቤት መለሰችው። ያን ዓመት የራሱን ቡና መልቀም ቀርቶበት አሰንዳቦ ወርዶ የሰው በቆሎ ሲያርም ከረመ። ጽሕፈት ቤቱ በበኩሉ ጉዳዩን በጥልቀት ገምግሞ፣ ችግኞቹ የደረቁት በራሳቸው የተነሣሽነት ማነስ መሆኑን አረጋገጠ።

በጋ ሲሆን የከተማው ቦኖዎች አምረው፣ ቀለም ተቀብተው ቆሙ፤ ውሃ የሚያመጣላቸው ቧንቧ ብቻ ነበር የጠፋው። ከተማው በሙሉ ወደ ወንዙ ሸለቆ ይመላለስ ጀመር። የአቶ ወልደሰማያት ቤት በርሜልም ተንጠፈጠፈ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ባለቤታቸው ወይዘሮ ሸዋረገጥ ጎረቤት ሁሉ እያየ ቢጫ ጀሪካን አምጥተው እጃቸው ላይ አኖሩላቸው።

አቶ ወልደሰማያት ጀሪካኑን ገልብጠው ቂጡ ላይ የታተመውን የላስቲኩን ዓይነት ምልክት መረመሩ፤ ፊታቸው በራ።

«ሸዋዬ፣ ይኼ እኮ ከፍተኛው ነው!»

«ደስ ይበልህ» አሉ ወይዘሮ ሸዋረገጥ። «በል አሁን ከፍተኛውን ይዘህ ወደ ወንዙ ዝቅ በል።»