ክቡር ምክንያትና የዳማ ጫማ

ነገር ሲበላሽ የሚያዝን ሰው ሞልቷል። የሚያስተካክልም ፈልጎ አይታጣም። ነገር ሲበላሽ ፊቱ የሚበራ ሰው ግን ከመቶ ቤት አንድ ነው፤ እሱም ምንጊዜም ጎረቤት ነው። የኔው በግድግዳ ይዋሰኑኛል። ሠፈሩ ክቡር ምክንያት ይላቸዋል። ሠላሳ ዓመት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ ምክንያትና ውጤት ያስተማርኩ ሰው እንደመሆኔ፣ ማዕረጉ እንደሚገባቸው በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

ክቡርነታቸው ጡረታ የወጡት ከመዝገብ ቤት ነው። እዚያ ሳሉ ፋይል እንጂ ምክንያት የሚጠይቃቸው አልነበረም፤ ሲጠራቀም የኖረው ሁሉ የፈሰሰው በእኛ ላይ ነው። መብራት ሲጠፋ የትራንስፎርመሩን ጉድለት ብቻ ሳይሆን የተከለውን ሰው አስተዳደግ ያውቃሉ። የልብስ ሰፊዋ መኪና ክር ሲበጥስ «ከሥሩ እንያዘው» ብለው ወንበር ይስባሉ። ሲነሡ ክሩ እንደተበጠሰ ነው፤ ልብስ ሰፊዋ ግን ወለሉ ለምን እንደዘመመ፣ ባሏም ለምን እንደሚያመሽ ተረድታለች። ባለፈው ሳል ሲይዘኝ መደርደሪያዬን ገረፍ አድርገው አይተው፣ «ከሥሩ እንያዘው። አንተን የሚያስልህ መጽሐፍህ ነው፤ አቧራ ነው የምታነበው» አሉኝ። ባለቤቴ ከጓዳ፣ «አርባ ዓመት ስናገር አልሰማኝም፤ የሳቸውን ሰማ» አለች።

እንዲህ ያለ ሰው ባለበት ግቢ አንዲት ፈረስ ማነከስ አልነበረባትም። አነከሰች።

ፈረሷ ዳማ ትባላለች፤ ባዝራ ናት። ጌታዋ ባለጋሪው ከአናጺው ቤት አልጋና ቁም ሣጥን እየጫነ በየደጁ ያደርሳል፤ የሚኖረው ግቢያችን ውስጥ ባለችው የጓሮ ክፍል ነው። ሰኞ ጠዋት በመስኮት ሳያት የፊት ግራ እግሯን መሬት ታስነካና ትመልሳለች፤ የውሃ ሙቀት እንደሚሞክር ሰው።

ክቡርነታቸው ቁርስ ሳይቀምሱ ደረሱ። ሰኞ ምክንያቱ ጠጠር ነበር፤ አዲሱ መንገድ ላይ የተደፋውን ስትረግጥ ውስጥ እግሯ በልዟል። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሆነ፤ ጭቃ ላይ ስትቆም ሰኮናዋ ለስልሷል። ማክሰኞ ማለዳ ምስማር ሆነ፤ ወደ ሥጋው ተጠግቷል። ቀጥሎ ሞረዱ፤ ሲሞርዷት አሳስተዋታል። ቀጥሎ ቁም ሣጥኑ። ቀጥሎ እናቷ፤ ጠፍጣፋ እግር አውርሳታለች። በኋላ ከመጻሕፍቴ መካከል የእንስሳት ሕክምና አገላብጬ አየሁ። የሚያናድደው ሁሉም ትክክል መሆኑ ነው፤ የሌላ ፈረስ ምክንያት ሆኖ እንጂ።

«ጋሼ፣ ስድስት ምክንያት ሰጡኝ» አላቸው ባለጋሪው። «የታመመው እግር አንድ ነው።»

«አንድ ውጤት በአንድ ምክንያት ብቻ አይመጣም። መምህሩን ጠይቀው።»

እውነት ለመናገር፣ ይህን ለዓመታት ስሰብክ ኖሬያለሁ። አንገቴን ነቀነቅሁ።

ባለጋሪው ግን አልሳቀም። ሥራ ያቆሙ ፈረሶችን እየዞረ የሚሰበስብ አንድ ሰው ነበር፤ ለቅዳሜ ቀጥሮታል። እስከዚያ ካልተሻላት ዳማ ከሰውየው ጋር ትሄዳለች። ወዴት እንደሚወስዳቸው ባለጋሪው አልጠየቀም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ያን ዕለት የባለጋሪው ስልክ ባትሪ ጨርሶ ነበር። አራት ወንበር ትከሻው ላይ አነባብሮ ሲወጣ፣ «ጋሼ፣ እባክዎ አንጥረኛውን ይጥሩልኝ፤ ጫማዋ ተጎድቷል ይበሉት» አላቸው። ክቡርነታቸው ወዲያው ደወሉ። በመስኮቴ ሰማኋቸው፤ «ጫማዋ ተበላሽቷል፤ አዲስ ይዘህ ና።»

እዚህ ላይ ቋንቋችን የሠራንን ተመልከቱ። ጫማ የምንለው የምንረግጥበትን የእግራችንን ሥር ነው። ጫማ የምንለው ደግሞ እሱን የምናለብሰውን ነው፤ ለሰው ቆዳ፣ ለፈረስ ብረት። ባለጋሪው የሚያመውን አለ፣ ክቡርነታቸው የማያመውን ሰሙ። እኔም ሁለቱንም ሰምቼ ምንም አልመሰለኝም። የተማረ ሰው ማለት እንግዲህ ይኸው ነው።

አንጥረኛው እየተጣደፈ መጣ፤ ሌላ ቦታ ሁለት ፈረስ ይጠብቀዋል። አሮጌውን ብረት በጉጠት ነቀለ፣ በዚያው ልክ አዲስ መታና ሄደ። እግሯን የያዙለት ክቡርነታቸው ነበሩ፤ ከጅምሩ እስከ መጨረሻው ስለ ዝናቡ ሲያስረዱት ነበር። ሐሙስ ዳማ እግሯን መሬት ማስነካቱንም ተወችው።

ባለጋሪው አንጥረኛውን ከሱቁ ይዞት መጣ።

«ሃያ ዓመት አምኜህ፣ የታመመ እግር ላይ ብረት ትመታለህ?»

«ታማለች ያለኝ ማን ነው? ቆማ አገኘኋት። ጫማ ቀይር ተባልኩ፣ ቀየርኩ።»

«እኔ ያልኩት ውስጥ እግሯን ነው።»

«ለኔ የደረሰኝ ብረቱ ነው።»

«በማን በኩል?»

ሁላችንም ክቡርነታቸውን አየን። ጠጠሩ ነበረላቸው፤ ዝናቡ፣ ምስማሩ፣ ሞረዱ፣ ቁም ሣጥኑ ነበሩላቸው፤ ሌላው ቢቀር እናቷ ነበረችላቸው። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ምክንያቱ እኔ ነኝ። ተጎዳ ያለኝን ተበላሸ አልኩት። አንተም እንዳታያት በወሬ የያዝኩህ እኔ ነኝ።»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስለ ምክንያት ተናግሬአለሁ፣ በእግዚአብሔርም በተፈጥሮም በታሪክም ሲመካኝ ሰምቻለሁ። በአንደኛ መደብ የተነገረ ምክንያት ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ስለዚህ ከዚህ መስመር በኋላ አንቱታውን አንሥቻለሁ። ጎረቤቴ ነው።

አንጥረኛው ተንበረከከ። ብረቱን ነቀለ፣ ሰኮናዋን በቢላ ሳሳ አድርጎ ላገ። ተረከዟ አጠገብ አውራ ጣት የሚያህል ወይን ጠጅ ምልክት ወጣ።

«ይኸው በልዟል» አለ። «በስምንት ሳምንት አምጣት አልኩህ፤ አሥራ ሦስት አስቆየሃት። ሰኮናዋ አደገ፣ ብረቱ አላደገም፤ ጫፉ ወደ ውስጥ ገብቶ ሲጫናት ከረመ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔም ሳላይ በዚያው ጠባብ ልክ ደገምኩባት።»

ባለጋሪው አንገቱን ደፋ። «አዎ፣ ነገ ነገ እያልኩ ነው። እስከ ቅዳሜ ትድናለች?»

«አትድንም። ሦስት ሳምንት ባዶ እግሯን፣ ለስላሳ ነገር ላይ። ጠዋትና ማታ እግሯን ጨው ባለው ሙቅ ውሃ መንከር ነው።»

«ማን ይነክራታል? እኔ ወንበር ተሸካሚ ሆኛለሁ።»

ጎረቤቴ ባልዲ ሊያመጣ ሄዷል።

ቅዳሜ ሰውየው ገመድ ይዞ መጣ። ባለጋሪው ቃሉን እንዴት እንደሚያጥፍ ጨንቆት ክፍሉ ውስጥ ተቀምጧል። ጎረቤቴ እንግዳውን በር ላይ ተቀበለው፣ ወንበር ሳበለት፣ ፈረስ የሚያነክስበትን ምክንያት ከጠጠሩ ጀምሮ ያስረዳው ገባ። ሰውየው አንዴ ተነሣ፤ ስለ ምስማሩ ገና ነው ተብሎ ተቀመጠ። ሁለት ሰዓት ሙሉ እንደዚያ ነበሩ። እኔ በመስኮቴ ተደግፌ፣ እንደ ኳስ ተመልካች ልቤ እየዘለለ፣ «በርታ፣ አሁን ወደ እናትየው እግር ግባ» እል ነበር በሆዴ። ሰውየው በመጨረሻ ገመዱን ጠቅልሎ ወጣ፤ ዳግመኛም በዚያ መንገድ ሲያልፍ አላየሁትም።

በአራተኛው ሳምንት ዳማ ሰፋ ያለ ጫማ አድርጋ፣ አንድ አልጋ ጭና፣ በአራት እግሯ እኩል እየረገጠች ከግቢ ወጣች። ልብስ ሰፊዋ ሥራዋን ትታ ደጅ ቆመች።

«ጋሼ፣ እንዴት ዳነች?»

ጎረቤቴ ቀኝ እጁን ዘረጋና በጣቶቹ ይቆጥር ጀመር። ሰፊው ጫማ ነው። ደረቁ ገለባ ነው። ጨው ነው። ዕረፍት ነው። የአየሩ መሞቅ ነው። ባለቤቴ ከኋላዬ ሆና ስታዳምጥ ነበር። የሚቆጥርባቸው ጣቶች በጨው ውሃ ተሰነጣጥቀው፣ አንዳንዱ ጋ ደም ቋጥሯል። ወደ ውስጥ ገባች፣ ቫዝሊን ይዛ ወጣች።