አይሸጥም የሚለው ሸክላ

አማርኛ እጁ አይፈታም፤ ቃል ሲሰጥ እንኳ ቆጥቦ ነው። ውሃ የምናቀዘቅዝበት ገንቦ ሸክላ፣ ዘፈን የሚቀረጽበት ጥቁር ክብ ነገርም ሸክላ። ሌላ አገር ይሄ ማንንም አይጎዳ ይሆናል። ድሬዳዋ ላይ ግን፣ ሰው ሦስት ቋንቋ እያማሰለ በሚያወራበት ከተማ፣ እኔን ጎድቶኛል።

የምሰበስበው ያገኘሁትን ሸክላ ሁሉ አይደለም። ዝነኛ ዘፋኝ የዘፈነውንማ ማን ያጣዋል? የእኔ የማስታወቂያ ሸክላ ነው፤ ድሮ ፋብሪካዎች ሳሙናቸውንና ብስኩታቸውን እያስዘፈኑ ለባለሱቆች ያድሉት የነበረው። ጥቂት ታትሞ፣ የሰፈር ልጅ እያሽከረከረው ያለቀ። ባለቤቴ፣ ሰው ማስታወቂያ ሲመጣ ሬዲዮ ይዘጋል፣ አንተ ማስታወቂያ ፍለጋ ከተማ ታስሳለህ ትለኛለች። 

እውነቱን ካወራን ግን ከሁሉም የምፈልገው አንዱን ነበር። አባቴ ቀን ባቡር ላይ ይሠራ፣ ማታ ትራምፔት ይነፋ ነበር። እናቴ እንደምትለው፣ ትራምፔቱን ጥሩምባ ብሎ የጠራ ሰው ወዮለት፤ ጥሩምባ የዕድር ነው ብሎ ይቆጣ ነበር። በዕድሜው አንዴ ብቻ ሸክላ ላይ ተቀረጸ፤ እሱም ለልብስ ሳሙና። ለራሱ የደረሰችው ቅጂ ቤት ውስጥ ተሰበረች፤ እሱም እኔ ነፍስ ሳላውቅ ሞተ። ጎበዝ ነፊ ነበር ይሉኛል። እኔ ግን ሰምቼው አላውቅም፤ ይሄ ያንገበግበኛል።

እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን በሚባለው ገበያ ድምፅ ማጉያ የሚሸጥ አብዲ የሚባል ወዳጅ አለኝ፤ አፉን በኦሮምኛ የፈታ ወጣት ነው። አሮጌ ሸክላ ካየህ ያዝልኝ አልኩት። ሳምንት ሳይሞላ ባጃጅ ደጄ ቆመች። አብዲ አንድ ትልቅ ገንቦ እንደ ሙሽራ ደግፎ አወረደና፣ «አቦ፣ ከሐርላ፣ ከጥንቱ ፍርስራሽ ነው ያስመጣሁልህ፤ ከዚህ የበለጠ አሮጌ ከየት ታገኛለህ?» አለኝ። እውነት ቅርስ ቢሆን ኖሮ ሁለታችንም ፖሊስ ጣቢያ እናድር ነበር፤ ደግነቱ ገንቦው ገና የእሳቱ ሽታ አልለቀቀውም። የሚዘፍነውን ነው ያልኩህ ብዬ በእጄ እያሽከረከርኩ አስረዳሁት። አብዲ ገንቦውን አየ፣ እኔን አየ። እሱንማ አክስቴ ገንቦዋን የምትከድንበት አላት አለ።

አክስቱ አዴ ሙሚና ዛፍ በሞላው ከዚራ ሰፈር ውስጥ የቆየች ባለሱቅ ናት። ጓዳዋ ስንገባ እውነትም ሸክላ በሸክላ ላይ ተቀምጧል። የድሬ ሙቀት የስንቱን ሸክላ ጠርዝ እንደ ቂጣ ሲያጣምም፣ ይሄን የገንቦው ቅዝቃዜ አትርፎታል። በሸሚዜ ጫፍ ጠረግኩት። አባቴ የነፋለት የዚያ ሳሙና ስም ብቅ አለ፤ ከሥሩም «ለማስታወቂያ ብቻ፤ አይሸጥም» ይላል።  ስንት ልስጥሽ አልኳት። ድሬ ላይ አንቱታ የለም፤ ለአክስትም ለአያትም አንቺ ነው።

አዴ ሙሚና መነጽሬን አልያዝኩም ብላ ጽሑፉን አስነበበችኝ። እኔ ሞኙ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። «ይኸው፣ አይሸጥም ይላል» አለች። እሱ እንዲያው ለደንቡ የተጻፈ ነው ብላት፣ የፋብሪካው ሰውዬ አይሸጥም ብሎ የሰጠኝን ሸጬ ለአላህ ምን ልለው ነው አለችኝ። ልብ በሉ፤ ይቺ ሴት ጥላ ሚዛን ላይ ቢወጣ ኖሮ የከዚራን ዛፎች ጥላ በኪሎ የምትሸጥ ነጋዴ ናት። ሃይማኖቷ ግን እኔ ላይ ጸና።

ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። የአባቴን ነገር አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። አዴ ሙሚና ዓይኗን በሻሽዋ ጠረገች። መሸጡን አልሸጥም፣ ግን እኔ ጋ በመጣበት መንገድ ይውጣ አለች። በምን መንገድ መጣ አልኳት። «አንድ ካርቶን ሳሙና ለገዛ በነፃ ነበር።»

ምን አማራጭ አለኝ? ገዛሁ። በአንድ ትከሻዬ ካርቶኑን ተሸክሜ፣ ሸክላውን ደረቴ ላይ አቅፌ ቤት ገባሁ። ባለቤቴ ካርቶኑን አይታ ልትናገር አፏን ስትከፍት ማጫወቻው ላይ አዞርኩት። ትንሽ ተንኮሻኮሸና ትራምፔቱ መጣ። ዘፋኞቹን ሳይጠብቅ ቀድሟቸው ይገባል፤ ይሄ የእኔ ችኮላ ከማን እንደመጣ ያን ቀን አወቅኩ። አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

ባለቤቴ እስኪያልቅ ሰማች። ከዚያ ካርቶኑን በእግሯ ወደ ጥግ እየገፋች፣ «ነፍሱን ይማረውና፣ ጎበዝ ነበር የሚሉት እውነታቸውን ነው» አለች፤ «ሞቶም ሳሙና ይሸጣል።»