ከወለሉ ሥር ያለችው ሴትዮ

ትናንት ሌሊት ዓይናለም ያየችውን ሕልም ለጠላትም አይስጥ። ጥፋቱ ሁሉ የባሏ ነው። የአርኪዮሎጂ ባለሙያው መርዕድ ማያ የሚባሉትን የጥንት ሕዝቦች መንደር ሊቆፍር ጓቴማላ ጫካ ከገባ ወዲህ ስልክ ሲደውል የሚያወራላት ስለ አንዲት አጽም ብቻ ነው። ሴትዮዋ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት በገዛ ቤቷ ወለል ሥር ተቀብራ፣ አፏ ውስጥ አረንጓዴ ዶቃ ተደርጎላት ነው የተገኘችው። «ጥርሷን ብታዪው ጉድ ትያለሽ!» ይላል መርዕድ። ዓይናለም ደግሞ ሁለት የፊት ጥርሷን ካስነቀለች ገና ሳምንቷ ነው። እሑድ ልጃቸውን ለትዳር የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ይመጣሉ፤ አባት ራሱ ካልተቀበላቸው ነውር ነው። እሱ ግን ቀኑን እስካሁን ሁለቴ አስለውጧል። ዓይናለም በቅናት እርር ብላ ተኛች።

በሕልሟ ያ መንደር ውስጥ ቆማለች። መሐሉ ሰፊ አደባባይ ነው፤ ቤቶቹ ዙሪያውን ከበውታል፤ በስተምሥራቅ ረጅም የአፈር መደብ ተሠርቷል። ይሄ ሁሉ ልክ መርዕድ እንዳወራላት ነው። የተገለበጠው ነዋሪው ነበር። ሙታኑ ከወለል በላይ ሆነው በቆሎ ይፈጫሉ፣ ልጅ ይቆጣሉ። ሕያዋኑ ከወለል በታች ተጋድመው «ኧረ ቀስ ብላችሁ ርገጡ!» እያሉ ይለማመጣሉ። ቤት የሚሠራው ከጣሪያው ተጀምሮ ነው። ፀሐይ ከመደቡ ጀርባ ቆማ «ልውጣ ወይ?» ትላለች።

አንድ ሽማግሌ አጽም ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ ከአፈሩ ብቅ ያለውን የአንድ ባንክ ሥራ አስኪያጅ ግንባር በብሩሽ ይጠርጋል።

«አባቴ፣ መርዕድ የታለ?» አለችው።

«ምሥራቁ ቤት ነዋ። የከበረ ሰው ነው እዚያ የሚገባው።»

«ከማን ጋር?»

አጽሙ ጉሮሮ ሳይኖረው ጉሮሮውን ጠረገ።

«እሺ፣ የኔ ቤትስ የት ነው?»

የመንደሩን ካርታ ዘርግቶ አገላብጦ አየና፣ «እዚህ ላይ የለሽም። አንቺ ተቆፍሮ የወጣው አፈር የሚደፋበት ጋ ነሽ» አላት።

ዓይናለም ጦፈች። ስንት ዓመት ሙሉ ሸሚዙን የተኮሰችለት ባል በክብር ቦታ ተቀምጦ እሷ ከቆሻሻ አፈር ጋር! ነጠላዋን አጥብቃ ወደ ምሥራቁ ቤት ሮጠች። በሩ ጣሪያው ላይ ስለነበር ዘላ ገባች።

ሴትዮዋ መሐል ቤት ተቀምጣለች። ከጥርሷ አንድም አልጎደለም። መርዕድ አጠገቧ አንገቱን ደፍቶ፣ ዓይነ ርግብ አጥልቆ ጥፍሩን ያያል። ምርኩዝ የያዙ አጽሞች ተሰልፈው ቆመዋል። ትልቁ ወደ ዓይናለም እጅ ነሣ።

«እመቤቴ፣ የመጣነው ለደግ ነገር ነው። ባልሽን ለልጃችን እንድትሰጪን ነው።»

በዚያ አገር ባል የሚጠየቀው ከሚስቱ ነው።

«በቁሜ?» አለች ዓይናለም።

«ኧረ ቁጭ በይ!» አሉና ወንበር ሰጧት።

«መርዕድ፣ አንተ ተናገር እንጂ!»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ እናንተ እንዳላችሁ» አለ በዓይነ ርግቡ ውስጥ።

አልሰጥም ልትል አፏን ስትከፍት ሴትዮዋ ዶቃውን ከራሷ አፍ አውጥታ እሷ አፍ ውስጥ ከተተችባት። እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። ምላሷ አልላወስ አለ። ትልቁ ሽማግሌ ምርኩዙን አነሣ።

«ዝም ብላለች። እንግዲህ ፈቅዳለች!»

እልልታው ቀለጠ። ሴትዮዋ የመርዕድን እጅ ያዘች። ዓይናለምን ከሁሉ በላይ ያቃጠላት አያያዟ ነው፤ ዕድሜ ልኳን ስትይዘው እንደኖረች ነበር።

ስልኩ ሲጮህ ነቃች። ነግቷል። የደወለው መርዕድ ነው።

«ዓይኔ፣ ቀሰቀስኩሽ እንዴ?»

«መቼ ነው የምትሳፈረው?»

«ቆይ፣ መጀመሪያ ደስ የሚልሽን ልንገርሽ። ዛሬ ለአጽሟ ስም አወጣንላት። ሁሉም የየራሱን ሲል እኔ ያንቺን ሰጠሁ፤ ወደዱት። አሁን እዚህ ፈረንጁም፣ የአገሩም ሰው ዓይናለም ነው የሚላት።»

ዓይናለም አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«እሑድስ?» አለች ቀስ ብላ።

መርዕድ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዝናቡ ጀምሯል፤ ጉድጓዱ ውኃ እያስገባ ነው። ሽማግሌዎቹን እንደምንም ብለሽ ለሌላ ቀን አስተላልፊያቸው። ዓይናለምን እንዲህ ጥያትማ እንዴት እመጣለሁ?»