ሰማይ የወጣው መነጽርና የልጄ ሽማግሌዎች

ዘመኑ ፲፱፻፷፩ ዓመተ ምሕረት፣ ወሩ ታኅሣሥ ነበር። ቆሰበር ላይ ጠዋት ጠዋት ውርጭ ይጥላል፤ ረፋድ ላይ ጉሙ ሲነሣ ሰማዩ ጥርት ይላል።

አባቶቻችን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይላሉ። ሁለተኛውን ግማሽ ለጊዜው እንተወውና፣ በመጀመሪያው በዚያ ወር ጥርጣሬ ገባኝ። ፈረንጆች ሰማዩን ማረስ ጀምረው ነበርና። እኔ ወሬ አልወድም። ወሬ ግን ወደዱኝ አልወደዱኝ ብሎ አይጠይቅም፤ ቤት ድረስ ይመጣል።

ያመጣችው ልጄ እናኑ ናት። ቆሰበር ስድስተኛ ክፍል ትማራለች። አስተማሪያቸው ከራዲዮ ሰምቶ እንደ ነገራቸው፣ አሜሪካኖች ቴሌስኮፕ የሚሉትን የሩቅ ማያ መነጽር በሮኬት ከአየር በላይ አውጥተው፣ ሰው ሳይኖርበት ምድርን እየዞረ ከዋክብትን እንዲያይ አድርገውታል። ፊት የላኩት ምንም ሳያይ ተበላሽቶባቸው ነበር አሉ፤ ደግመው ሌላ ላኩ። ይህች ነገር ደስ አለችኝ። ዘሩን ውርጭ ሲመታው ደግሞ የማይዘራ ሰው ገበሬ አይደለም።

ወሬው በሰንበት ደጀ ሰላም ደርሶ ሲመለስ ግን ሌላ ወሬ ሆኖ ነበር። እኛ ዘንድ ልጅ ከመዳሩ በፊት መሪጌታው የሁለቱን ስም ከእናቶቻቸው ስም ጋር ደምሮ ኮከባቸውን ይቆጥራል፤ ካልገጠመ ጋብቻ የለም። ስለዚህ ኮከብ የሚያይ መነጽር ወጣ ሲባል አገሩ የገባው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፈረንጅም ልጆቹን ሊድር ነው። ባል አልበረክት ያላት ጎረቤታችንማ የእሷም ኮከብ እንዲታይላት አስተማሪውን ለመነችው።

የእናኑም ኮከብ ተቆጥሮ ነበር። በጥሊሊ በኩል ካለ የደህና ገበሬ ልጅ ጋር ገጥሟል ተባለ። እሷ ግን ስድስተኛን ስትጨርስ ዳንግላ ወርዳ መማር ትፈልጋለች። እኔን ፈርታ ለእናቷ ነበር የነገረች።

የልጁ ወገኖች የላኳቸው ሽማግሌዎች ቁርጡን ሊሰሙ የመጡት ጤፍ ሳስወቃ ነው፤ አውድማው ዳር ተቀመጡ። አፈ ጉባኤያቸው አያ ደሴ ወሬውን ይዘውት መጥተዋል።

«አያ ቸኮል» አሉኝ፤ «ፈረንጅ እንኳ ኮከብ ለማየት ሰማይ ድረስ ይለፋል። እኛ መሪጌታው ደጃችን ላይ እያለልን ምን እናቅማማለን?»

ልጅቱን አስጠራኋት። የምትታጭ ልጅ ሽማግሌ ፊት አትቆምም፤ ደንብ ማፍረሴ ነው። ሲያጉረመርሙ ሰማሁ።

«መነጽሩን ለምን አወጡት?» አልኋት።

መሬት መሬት እያየች ተናገረች። አየሩ የኮከብን ብርሃን ያንቀጠቅጠዋል፤ ዓይናችን የማያየው ብርሃን ደግሞ አለ፣ አብዛኛውን አየሩ መንገድ ላይ ያስቀረዋል። ወጣት ከዋክብት አብዝተው የሚያበሩት በዚያ ብርሃን ነው። ከአየር በላይ የወጣ መነጽር ያየዋል፤ ኮከብ ከምን እንደ ተሠራ፣ ወጣት ይሁን ያረጀ ለመለየት ይረዳል። ያን ያህል ስታወራ ሰምቻት አላውቅም። እናንተስ ጉም ውስጥ ፈረስ ጠፍቷችሁ ኮረብታ ወጥታችሁ ታውቃላችሁ? እንግዲያው ነገሩ ገብቷችኋል።

«የሰው ዕጣስ?» አሏት አያ ደሴ።

«የሰው ዕጣ አይታይበትም፣ አባቴ። ኮከቡን ራሱን ሊያውቁ ነው።»

«ለዚህ ብቻ?» ብለው ሳቁ። ሌሎቹም ሳቁ።

እኔ ሳቅ አይሆንልኝም። «ዕድሜዋ ስንት ነው?» አልኋቸው።

«የኮከቧ?»

«የልጄ።»

ስሟን ጠይቀዋል፤ የእናቷን ስም ጠይቀዋል፤ ከብቴንና መሬቴን ጠይቀዋል። ይህን የጠየቀ አልነበረም። አትፍረዱባቸው፤ ሽማግሌ ተልካችሁ ብትሄዱ እናንተም የምትጠይቁ አይመስለኝም።

«ኮከቡ ከገጠመ ቢቆይም ይገጥማል» አልሁ። «ተምራ ስትጨርስ ራሷን ጠይቋት።»

ጠላቸውን ቀምሰው ሄዱ። አኮረፉ እንጂ አልረገሙኝም።

ጤፉን ጎተራ አስገባሁ። በማግሥቱ ፈረስ ጭኜ ዳንግላ ወረድሁ፤ የባለቤቴ እህት ቤት ገባሁና ለእናኑ ማደሪያ ለመንሁ። መለመን አልወድም። ለመንሁ።