ጨው አነሰው

ሐበሻ በተሰበሰበበት ከተማ ሁሉ፣ የሰው ድስት ክዳን ሳያነሣ ማለፍ የማይችል አንድ ሰው አይጠፋም። የፍራንክፈርቱ ጋሉስ በሚባለው ሰፈር፣ ከመቅዲ ቤት በላይ ያለው ፎቅ ላይ ይኖራል። እሳቸውም የድስቶች ሁሉ ጠቅላይ መርማሪ፣ ክብርት እትዬ የሺወርቅ ናቸው።

እትዬ የሺወርቅ ተጠርተው አይመጡም፤ ሽታ ተከትለው ይመጣሉ። ክዳኑን ያነሣሉ፣ በማንኪያ ጫፍ ይቀምሳሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ከዚያ ፍርዱ ይነበባል፦ «ጨው አነሰው።» አዳራሽ ሙሉ ሰው ጣቱን እየላሰ የበላውን የክርስትና ወጥ «ጨው አነሰው» ብለዋል። ታች ያሉት ጀርመናዊት ጎረቤት የምስር ሾርባ ቢያቀምሷቸው ያንኑ ጨው በጀርመንኛ «ዛልትስ!» ብለው፣ ከቀሚሳቸው ኪስ የማይለያቸውን የጨው ብልቃጥ አውጥተዋል።

መቅዲ ዴሊያን ረቡዕ ማታ የጠራቻትም ለዚሁ ነው። ዴሊያ ደቡብ አፍሪካዊት ናት፤ አረጋውያን መጦሪያው ውስጥ አብረው ይሠራሉ። መቅዲ ቋንቋ ሳታውቅ ሥራ ስትጀምር ከጎኗ ያልተለየች እሷ ነበረች። የዓለም ዋንጫ አገሯ ላይ በተደረገ ማግሥት፣ መስከረም ላይ፣ ዴሊያ እናቷ ካረፈች ወዲህ ቦቦቲ የሚባለውን የአገሯን ምግብ ቀምሳ እንደማታውቅ ነገረቻት። መቅዲም ልትሠራላት ቆረጠች። አሠራሩን በየእረፍቱ እየጠየቀች ለቃቀመች። ረቡዕ ደግሞ ጾም ነው። እሷ ጴንጤ ስለሆነች አይመለከታትም፤ እትዬ የሺወርቅ ግን ሥጋ በአፋቸው አይዞርም። በዚህ ቀን ድስቷ ከምርመራ ነጻ ነው።

እትዬ የሺወርቅ መጡ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የተፈጨ ሥጋ በካሪ ነው፣ እትዬ። ዘቢብና ማርመላታ አለው። እንቁላልና ወተት ይፈስበትና ኦፈን ውስጥ ይገባል።»

«ሥጋ ላይ ማርመላታ? በስመ አብ! ልጄ፣ ክራንክ ነሽ እንዴ፣ አሞሻል?» አማተቡ። ከዚያ ጎንበስ ብለው አሸተቱ። «ጨው አነሰው።»

«ሳይቀምሱ?»

«ይሸተኛላ!»

መቅዲ በሆዷ ሳቀች። ዴሊያ ስለ ጨው ያነሣችው ነገር የለም። መቅዲ ቀምሳዋለች፣ ግን ጣፋጭ ሥጋ እንዴት መሆን እንዳለበት በምን ታውቃለች? ከተነገራት በላይ ላትጨምር ለራሷ ቃል ገብታ፣ እንቁላሉን ከወተቱ ጋር መትታ ደፋችበትና ምድጃው ውስጥ ከተተችው።

ዴሊያ ስትደርስ እትዬ የሺወርቅ አልሄዱም፤ ውኃቸውን ይዘው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ቦቦቲው ላዩ ወርቅ መስሎ ሲወጣ የዴሊያ ዓይን እንባ አቀረረ። ጎረሰች። አላመጠች። ሹካዋን አስቀመጠች።

«በጣም ቆንጆ ነው» አለች ዴሊያ በጀርመንኛ፣ እያፈረች። «ብቻ፣ ትንሽ ዛልትስ…»

ሳትጨርስ የእትዬ የሺወርቅ እጅ ኪሳቸው ውስጥ ገብቶ ወጥቶ ነበር። ነሰነሱላት። ዴሊያ ደግማ ጎረሰች፤ ያን ጊዜ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«የእማዬ ነው» አለች። ሳህኑን ጠርጋ በላች።

መቅዲ «ነግሬሽ አልነበረም?» እስኪባል አንገቷን ደፍታ ጠበቀች። እትዬ የሺወርቅ ግን ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት። «አትዘኚ ልጄ፤ አሠራር ሲናገር ጨውማ ማን ያነሣል?»

በማግሥቱ ሥራ ቦታ ዴሊያ፣ ሌላ ረቡዕ ደግመሽ ትሠሪልኝ ይሆን ስትል ጠየቀቻት።

«ረቡዕ አይሆንም» አለች መቅዲ። «ሐሙስ ነይ። ረቡዕ ቀማሼ ይጾማሉ።»